አድዋን በጆሮ ማንበብ

ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ አስተምራለሁ። አንዱ ተማሪዬ ዓይነ ስውር ነው። የአድዋን ንባብ ሲከፍት ስክሪን የሚያነብለት ፕሮግራም፣ ኤንቪዲኤ፣ ጭጭ አለ። ፒዲኤፉ ስካን የተደረገ ነበር፤ ለኮምፒውተሩ ፎቶ እንጂ ጽሑፍ አይደለም። (ጽሑፉ በማውዝ አልመረጥ ካላችሁ ፎቶ ነው ማለት ነው።)

ገጾቹን ከፎቶ ላይ ፊደል በሚለቅም ፕሮግራም፣ በቴሰራክት፣ ወደ ጽሑፍ ቀየርኳቸው። ነጻ ነው፤ የአማርኛው ፋይል ከተጨመረለት አማርኛም ያነባል። የደበዘዘ ገጽ ላይ ግን ፊደል ያምታታል፤ ስምና ዓመተ ምሕረትን በዓይን ማረም ግድ ነው። ከዚያ ወርድ ላይ ለርእሶቹ ሄዲንግ (የርእስ ምልክት) ሰጠኋቸው። አሁን ተማሪው የኤች (H) ቁልፍን ሲጫን ከርእስ ወደ ርእስ ይዘላል።

ያስቸገረው የውጊያው ካርታ ነው። እንዲህ ብዬ በጽሑፍ ገለጽኩት፦ «የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ ንጋት። የጣሊያን ጦር በሦስት ረድፍ ይገፋል፤ ተጠባባቂው ከኋላ ነው። በግራ በኩል ያለው የጄኔራል አልቤርቶኔ ረድፍ ከሌሎቹ ተነጥሎ ወደፊት ርቋል፤ ውጊያው የጀመረውም በእሱ ላይ ነው።»

መግለጫውን ለሁሉም ላክሁት። ካርታው ግራ ያጋባቸው ሌሎች ተማሪዎችም በእሱ ተረዱት። ፋይሉም ከስካኑ በጣም ቀላል ስለሆነ ለዳታ ለሚቸገሩት ተመችቷል። ቀጥሎ የመቅደላ ካርታ ነው።