ለዘር ወለድ የፀጉር መሳሳት ሕክምናዎችን አጣምሮ መጀመር

በዘር የሚወረሰው የፀጉር መሳሳት በወንዶች ላይ ከግንባር ግራና ቀኝ ወደ ኋላ እየሸሸ አናትን ያራቁታል፤ በሴቶች ላይ ግን የግንባሩ ፀጉር በአብዛኛው እንዳለ ሆኖ፣ ፀጉር ለሁለት የሚከፈልበት መስመር እየሰፋ ይሄዳል። መድኃኒት ከመግዛትዎ በፊት ችግሩ ይኸው መሆኑን የቆዳ ሐኪም ያረጋግጥልዎ፤ አጥብቆ የተጎነጎነ ሹሩባ የነቀለው፣ ወይም በብረት እጥረትና በታይሮይድ ሕመም የረገፈ ፀጉር ሕክምናው ሌላ ነው።

ማጣመር የሚጠቅመው መድኃኒቶቹ የየራሳቸው መንገድ ስላላቸው ነው። ሚኖክሲዲል ፀጉር የሚያድግበትን ጊዜ ሲያራዝም፣ ፊናስቴራይድ ደግሞ ቴስቶስትሮን የፀጉርን ሥር ወደሚያቀጭጨው ሆርሞን እንዳይለወጥ ይገታል። ሆኖም ሁሉንም በአንድ ቀን አይጀምሩ፤ ቆዳዎ ቢቆጣ የትኛው እንዳስቆጣው መለየት አይቻልም።

ብዙውን ጊዜ የሚቀድመው የሚቀባው ሚኖክሲዲል ነው። ራስዎ ደረቅ ሳለ ፀጉርዎን ከፈል አድርገው፣ ጠብታው ፀጉሩን ሳይሆን ቆዳውን እንዲያገኝ ሐኪም ያዘዘልዎን መጠን፣ በአብዛኛው 1 ሚሊ ሊትር፣ ይቀቡና እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ቤት ውስጥ ድመት ካለች እንዳትልሰው ይጠንቀቁ፤ ሊገድላት ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማበጠሪያዎ ላይ ከወትሮው የበዛ ፀጉር ቢያዩ አይደንግጡ፤ አዲሱ ፀጉር አሮጌውን እየገፋው ነውና አያቋርጡ። በየወሩ እዚያው መስኮት ሥር፣ በዚያው ርቀት፣ ፀጉርዎን በዚያው መስመር ከፍለው ፎቶ ይነሡ፤ 6 ወር ሳይሞላም አይፍረዱ።

ከዚያ በኋላ ሐኪሙ ለወንድ በቀን 1 ሚሊ ግራም ፊናስቴራይድ ሊጨምር ይችላል። የወሲብ ፍላጎት ቢቀንስ ወይም ድባቴ ቢሰማዎ ሳያፍሩ ይናገሩ፤ ለፕሮስቴት ምርመራ የሚለካውን ፒኤስኤ በግማሽ ያህል ስለሚቀንሰውም መርማሪዎ ይወቀው። ልታረግዝ የምትችል ሴት ግን ፊናስቴራይድ መውሰድ የለባትም፤ የወንድ ጽንስን ሊጎዳ ይችላል። ለሴቶች የሚታዘዘው፣ የወንዴ ሆርሞንን ሥራ የሚገታው ስፓይሮኖላክቶንም አስተማማኝ የእርግዝና መከላከያ ይፈልጋል።

ከአዳዲሶቹ መንገዶች ለእኔ ይበልጥ ተስፋ የሚሰጠው የራስ ቆዳን በደቃቅ መርፌዎች መውጋት ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. ህንድ ውስጥ በ100 ወንዶች ላይ በወጣ ጥናት፣ በ12 ሳምንት ውስጥ ሚኖክሲዲል ብቻ የተቀቡት የፀጉር ቁጥር በአማካይ በ22 ሲጨምር፣ በየሳምንቱ መርፌውን የጨመሩት በ91 ጨምሯል፤ ጥናቱ አጭር መሆኑ ግን አይዘንጋ። ከውጊያው በኋላ ለ24 ሰዓት ሚኖክሲዲል አይቀቡ።

ሚኖክሲዲል በአነስተኛ መጠን እንዲዋጥም ይታዘዛል፤ ክኒኑ በመጀመሪያ የወጣው ለደም ግፊት ስለሆነ፣ እግር ቢያብጥ ወይም ልብ በፍጥነት ቢመታ ሐኪምዎን ያማክሩ። ሕክምናው ከተቋረጠ የበቀለው ፀጉር በወራት ውስጥ ተመልሶ ስለሚረግፍ፣ ወጪውን ለዓመታት እንደሚከፍሉ አስበው ይጀምሩ።