የሶሪያቲክ አርትራይተስ መድሃኒት ጥናት ስታነቡ ምን ምን ማየት አለባችሁ
ሶሪያቲክ አርትራይተስ ሶሪያሲስ ከሚባለው የቆዳ በሽታ ጋር የሚያያዝ የመገጣጠሚያ በሽታ ነው። አዲስ መድሃኒት ተገኘለት ሲባል መጀመሪያ ኤሲአር 20 የሚለውን ፈልጉ፤ የሚያምመውና ያበጠው መገጣጠሚያ ቁጥር ቢያንስ በ20 ፐርሰንት ቀነሰ፣ ከሌሎች 5 መለኪያዎችም 3ቱ እንደዛው ተሻሻሉ ማለት ነው እንጂ ዳነ ማለት አይደለም። እኔን ኤሲአር 50 (ያው መለኪያ በ50 ፐርሰንት) ይበልጥ ያሳምነኛል። ከዛ ፕላሴቦ (መድሃኒት የሌለበት ማስመሰያ) ከወሰዱትስ ስንቱ ተሻለው በሉ፣ ዋናው ልዩነቱ ነው። በሽታው የሚነካቸው ቆዳውስ? ጥፍሩስ? ተረከዙስ ተሻሉ?

ደሞ ጥናት ሁሉ ስለ አዲስ መድሃኒት አይደለም፤ በ2015 የወጣው ቲኮፓ የሚባለው የእንግሊዝ ጥናት 206 ሰው ይዞ በየ4 ሳምንቱ እየታዩ መድሃኒት የሚስተካከልላቸውን በየ12 ሳምንቱ ከሚታዩት ጋር አወዳደረ፣ ቶሎ ቶሎ የታዩት የበለጠ ተሻላቸው፣ ግን ከባድ የጤና ችግርም እነሱ ላይ በዛ (ይሄን ብዙ ሰው ይዘለዋል)። ቀጠሮ ላይ ሐኪማችሁን ግባችን ምንድነው፣ መቼ ነው የምንለካው ብላችሁ ጠይቁ።