ጓሮ ላይ ዛፍ ከመትከላችሁ በፊት ጓሮውን እዩት

ሰኔ ሲገባ መንገድ ዳር ችግኝ ይደረደራል። ሁሉም ለምለም ነው፣ ሁሉም ከጉልበት አያልፍም። ሰውም አምስት ስድስት ዓይነት ገዝቶ ይገባና ቦታ ባገኘበት ይተክላል። እኔም የመጀመሪያውን ዛፌን የገዛሁት እንደዚያ ነው። ማንጎ ነበር። ሻጩ «አዲስ አበባም ያፈራል» አለኝ፣ አመንኩት፣ ሰባት ዓመት ውሃ ሳጠጣው ኖሬ አንድ ፍሬ ሳላይ ነቀልኩት። ማንጎ ሙቀት የሚወድ የቆላ ዛፍ ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት። ባሕር ዳር ወይም አዳማ ቢሆን ሌላ ነገር ነበር። ከታች የምጽፈው አዲስ አበባና በተመሳሳይ ከፍታ ለምትኖሩ ነው።

ችግኝ ስትገዙ የዛሬ አሥር ዓመት የሚሆነውን ዛፍ እያሰባችሁ ግዙ። ለዚህ ደግሞ መጀመሪያ ሜትር ይዛችሁ ግቢውን ለኩ። ሴፕቲክ ታንኩ የት ነው? የውሃ ቧንቧው በየት ያልፋል? የመብራት ገመዱስ? ትልቅ የሚሆን ዛፍ ከግድግዳና ከሴፕቲክ ታንክ ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ። ይህን ያህል ቦታ ከሌላችሁ፣ ብዙዎቻችን ደግሞ የለንም፣ ትልልቆቹን ከነጭራሹ ተዉአቸው። የጎረቤት አጥር ጥግም አትትከሉ፤ ቅርንጫፉ ተሻግሮ የሰው አሸንዳ በቅጠል ሲሞላ ጭቅጭቁ ከእናንተ ጋር ነው።

ፀሐይዋንም ተከታተሏት። ከጥቅምት እስከ የካቲት ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፣ ስለዚህ በግቢው ደቡብ በኩል ረጅም ዛፍ ካቆማችሁ በርበሬና ልብስ የምታሰጡበት ቦታ ጥላ ይሆናል፣ ጎመኑና ቆስጣውም ይቀጭጫል። ምዕራብ በኩል ከሆነ ግን ከሰዓት በኋላ ሳሎን ድረስ ገብታ የምታቃጥለውን ፀሐይ ይከልልላችኋል።

አፈራችሁ ውሃ ማሳለፉን ለማወቅ ባለሙያ አያስፈልግም። በበጋ 60 ሴንቲ ሜትር የሚያህል ጉድጓድ ቆፍሩ፣ በውሃ ሙሉት፣ ሲሰርግ ደግማችሁ ሙሉት። በማግስቱ ውሃው እዚያው ከቆመ ችግር አለ ማለት ነው። ወደ አቃቂ በኩል የምናውቀው ጥቁር ኮትቻ እንዲህ ያደርጋል፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። እንዲህ ዓይነት አፈር ካላችሁ ጉድጓድ ውስጥ ከመትከል ይልቅ ውሃ የሚያሳልፍ አፈር ከሌላ ቦታ አምጥታችሁ፣ ከፍግ ጋር ቀላቅላችሁ፣ ግማሽ ሜትር የሚደርስ ጉብታ ሥሩና እሱ ላይ ትከሉ።

አሁን ሁሉም ሰው የሚጠይቀኝ አቮካዶ ነው። አቮካዶ ጥሩ ምርጫ ነው፣ ግን ሥሩ ውሃ ከተኛበት ይበሰብሳል፤ ቅጠሉ ይገረጣል፣ ከጫፍ ጀምሮ ይደርቃል፣ ከዚያ በኋላ ማዳን ይከብዳል። ቢያንስ 6 ሜትር ስፋት ይፈልጋል። በልታችሁ የጣላችሁትን ፍሬ አብቅላችሁ አትድከሙ፤ ለማፍራት ብዙ ዓመት ይፈጅበታል፣ ፍሬውም የእናቱን ላይመስል ይችላል። የተቀጠለውን ግዙ፣ ማለትም ከጥሩ ዛፍ የተቆረጠ ቅርንጫፍ በሌላ ግንድ ላይ የተገጠመበትን፤ እሱ በሦስት በአራት ዓመት ማፍራት ይጀምራል። ስሙንም ጠይቁ። ሃስ የሚባለው ሲበስል ቅርፊቱ የሚጠቁረው ነው። የአቮካዶ አበባ ደግሞ የሚገርም ጠባይ አለው፦ መጀመሪያ እንደ ሴት ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ በማግስቱ እንደ ወንድ ይከፈታል። ሃስ ጠዋት ሴት ሲሆን ኤቲንገርና ፉዌርቴ የሚባሉት በዚያው ሰዓት ወንድ ይሆናሉ፣ ስለዚህ ሁለቱ ዓይነት አጠገብ ለአጠገብ ሲሆኑ የተሻለ ያፈራሉ። ሁለት የሚበቃ ቦታ ከሌላችሁ ከጎረቤት ጋር ተነጋገሩ፤ እናንተ ሃስ፣ እሳቸው ኤቲንገር። ንቦቹ አጥር አያግዳቸውም።

ቦታ ለጠበበው ኮክ እወዳለሁ። ደጋውን ይለምዳል፣ ቶሎ ያፈራል፣ በየዓመቱ ከተገረዘ ቁመቱ እጅ የሚደርስበት ሆኖ ይቀራል። ፖም የምትመኙ ቅዝቃዜው የግድ ነው፤ ጨንቻ በፖም የታወቀችው ደጋ ስለሆነች ነው። በዚያ ላይ አንድ ብቻ አትትከሉ። አናና ዶርሴት ጎልደን የሚባሉት ብዙ ብርድ የማይጠይቁና በአበባ ዱቄት አንዱ ሌላውን የሚያዳብሩ ናቸው፣ ሁለቱንም ግዙ። ሎሚ ከነፋስ የተከለለ፣ ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ አጠገብ ይሁን።

ጌሾን ሰው ለምን እንደሚረሳው አይገባኝም። አጥር ሥር በትንሽ ቦታ ይቆማል፣ ቅጠሉ ለጠላ፣ እንጨቱ ለጠጅ ይሆናል። ቡናም ውርጭ በማይደርስበት ጥግ፣ ከፍ ካለ ዛፍ ጥላ ሥር፣ አንድ ሁለት እግር ቢኖር ቤቱን ያሳምረዋል።

ሰፋ ያለ ግቢ ያላችሁ ደግሞ እባካችሁ የአገራችንን ዛፍ አስቡ። ወይራ እድገቱ ዝግ ያለ ነው፣ ግን ድርቅ ይችላል፣ እንጨቱም እንስራ ለማጠን ነው። ወደ እንጦጦ ግርጌ ያላችሁ ኮሶ ሞክሩ፤ ቀይ አበባው ሲንጠለጠል እሱን የመሰለ ነገር የለም። ባሕር ዛፍ ግን ጓሮ ውስጥ አይገባም። አፈሩን ያደርቃል፣ ሥሩ አካባቢ ሌላ ተክል አያስጠጋም። ዋርካና ሾላም ግርማቸው ለሜዳ ነው፣ ሥራቸው የግቢ ወለልና አጥር ያነሣል።

ችግኝ ስትመርጡ ረጅሙን አትሽቀዳደሙበት። ላስቲኩን ገልብጣችሁ እዩ፤ ሥሩ ከታች ወጥቶ ከተጠቀለለ ብዙ ቆይቷል ማለት ነው፣ ተዉት። ግንዱ ወፈር ያለ፣ ቅጠሉ በጀርባውም በኩል ንጹሕ የሆነውን ውሰዱ።

ጉድጓዱን ግንቦት ላይ ቆፍሩ፣ በጎኑም በጥልቀቱም 60 ሴንቲ ሜትር ይሁን። የላይኛውን አፈር ለብቻ፣ የታችኛውን ለብቻ አስቀምጡ፣ ስትመልሱ የላይኛውን ከበሰበሰ ፍግ ጋር ቀላቅላችሁ ከታች አስገቡት። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ፣ ዝናቡ ሲጠና፣ ትከሉ። ላስቲኩን ሙሉ በሙሉ አውጡ፤ ስንት ሰው ከነላስቲኩ ቀብሮ «ችግኙ ደካማ ነበር» ይላል። የተቀጠለበት እብጠት ከአፈር በላይ ይታይ።

ዋናው ፈተና የመጀመሪያው በጋ ነው። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር በሳምንት ሁለት ጊዜ ቀስ ተብሎ የሚፈስ 20 ሊትር ጀሪካን ይበቃል፤ በረኪና ያልገባበት የአትክልት እጣቢም ይሆናል። ሥሩን በደረቅ ሣር ጎዝጉዙት፣ ግን ግንዱን አይንካ። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ሰማዩ ጥርት ካለ ውርጭ አለና አቮካዶውንና ቡናውን ማታ በማዳበሪያ ጆንያ ሸፍኑ፣ ጠዋት ግለጡ። በመጀመሪያው ዓመት አበባ ካወጣ ደግሞ ሳታዝኑ ቀጥፉት፤ ጉልበቱን ለሥሩ ያድርገው።