ከፎርማት በኋላ ዋይፋይ ሲጠፋ፦ ለአሮጌ ላፕቶፕ ትክክለኛውን ድራይቨር ማግኘት

ምልክቱ ይህ ነው፦ ዊንዶው ተጭኖ አልቋል፣ ላፕቶፑም ቀልጠፍ ብሏል፣ ግን ታች በቀኝ በኩል የዋይፋይ ምልክት የለም። ኢንተርኔት ከሌለ ድራይቨር (ዊንዶው አንድን የላፕቶፕ ክፍል እንዲያሠራ የሚያስችለው ሶፍትዌር) አይወርድም፣ ድራይቨር ከሌለ ኢንተርኔት አይገባም። ጎንደር ላይ ከፒያሳ እስከ አዘዞ ፎርማት ተደርጎ ማግስቱን የሚመለስ ላፕቶፕ በአብዛኛው በዚሁ ነው የሚመለሰው።

ዲቫይስ ማኔጀር (የላፕቶፑን ክፍሎች የሚዘረዝረው የዊንዶው መስኮት) ውስጥ ቢጫ ምልክት ያለበትን መስመር አንብቡ። «ኔትወርክ ኮንትሮለር» የሚለው የዋይፋይ ካርዱ ነው። «ኢተርኔት ኮንትሮለር» የኬብሉ ነው። ሁለቱን አምታቶ የኬብሉን ድራይቨር ደጋግሞ እየጫነ «ካርዱ ተቃጥሏል» የሚል ሰው ሞልቷል። ካርዱ ቢሞት ኖሮ በአብዛኛው መስመሩ ራሱ እዚያ አይታይም ነበር። ቢጫውን መስመር ስትከፍቱት ኮድ 28 ካለ የጎደለው ድራይቨር ብቻ ነው።

ትክክለኛው ድራይቨር የሚታጣበት ምክንያት፦ ሰው የሚፈልገው በላፕቶፑ ስም ነው። አንድ ዓይነት ሞዴል ኤችፒ አንዱ ራሊንክ፣ ሌላው አቴሮስ፣ ሦስተኛው ብሮድኮም ካርድ ይዞ ከፋብሪካ ይወጣል። እጅ በእጅ የዞረ ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ ካርዱ መሀል ላይ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ከላይ የተለጠፈው ስም ስለ ውስጡ ዋስትና አይሰጥም። ካርዱን ራሱን ጠይቁት።

መስመሩን ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ዲቴይልስ፣ ከዝርዝሩ «ሃርድዌር አይድስ»። «ቬን» (VEN) ከሚለው ቀጥሎ ያሉት አራት ቁምፊዎች አምራቹን፣ «ዴቭ» (DEV) ከሚለው ቀጥሎ ያሉት አራቱ ቺፑን ይናገራሉ። 8086 ኢንቴል ነው፣ 14ኢ4 ብሮድኮም፣ 168ሲ አቴሮስ፣ 10ኢሲ ሪልቴክ፣ 1814 ራሊንክ። ለምሳሌ ቬን 14ኢ4 ዴቭ 4727 ከወጣ ብሮድኮም 4313 ነው። ቬን 1814 ዴቭ 3290 ከሆነ ራሊንክ 3290 ነው፤ ይሄኛው ብሉቱዝም ስላለበት ለብሉቱዙ ሌላ ድራይቨር ይፈልጋል። ቁጥሩን በእጃችሁ አትገልብጡ፣ 8ን እና ቢን ማምታታት ቀላል ነው። ስክሪኑን በስልክ ፎቶ አንሱት።

አሁን ኢንተርኔት። አንድሮይድ ስልክ በኬብል አገናኙና ዩኤስቢ ቴዘሪንግ (የስልኩን ኢንተርኔት በኬብል ለላፕቶፑ ማጋራት) አብሩ፤ ዊንዶው 10 ስልኩን በራሱ ያውቀዋል። ካላወቀው መጀመሪያ ኬብሉን ጠርጥሩ፤ ርካሾቹ ኬብሎች ውስጥ ቻርጅ ብቻ የሚያደርጉ፣ የዳታ ሽቦ የሌላቸው አሉ። እንደተገናኘ ወዲያው ኔትወርኩን «ሜትርድ ኮኔክሽን» (ዳታ ቆጣቢ) አድርጉት። ይህን የዘለለ ሰው ጥቂት ሜጋባይት ለምትሆን ድራይቨር ብሎ የወር ፓኬጁን በዊንዶው አፕዴት ይጨርሳል።

ከዚያ የማይክሮሶፍት አፕዴት ካታሎግ ገጽ ላይ ከቬን ጀምሮ እስከ ዴቭ አራት ቁምፊዎች ድረስ ያለውን ብቻ አስገብታችሁ ፈልጉ። ከእነሱ በኋላ ያለውን ረጅም ጭራ ተዉት፣ ፍለጋውን ያጠበዋል። ስታወርዱ ቢቱን አስተውሉ፦ ኤክስ64 ባለ 64 ቢት ነው፣ ኤክስ86 ግን ባለ 32 ቢት ነው። 86 ከ64 ይበልጣል ብሎ እሱን የሚያወርድ ስንት ሰው አለ!

የወረደው ካብ ፋይል (ብዙ ፋይል የታመቀበት) ነው፤ ውስጡ ሴትአፕ የለም። «ፋይሉ አይሠራም» ብላችሁ አትሰርዙት። ክፈቱት፣ ሁሉንም መርጣችሁ አንድ ፎልደር ውስጥ አውጡት። ዲቫይስ ማኔጀር ላይ «አፕዴት ድራይቨር»፣ ከዚያ «ብራውዝ ማይ ኮምፒውተር»፣ ፎልደሩን አሳዩት፣ «ኢንክሉድ ሰብፎልደርስ» ላይ ምልክት አድርጉ፣ ኔክስት።

ዊንዶው የተጫነው ክፍሉ ፎርማት ሳይደረግ ከላዩ ከሆነ ደግሞ ኢንተርኔትም ላያስፈልግ ይችላል። ሲ ድራይቭ ላይ «ዊንዶውስ ነጥብ ኦልድ» የሚል ፎልደር ካለ በውስጡ ዊንዶውስ፣ ሲስተም32፣ ድራይቨርስቶር፣ ፋይልሪፖዚቶሪ ድረስ ግቡና ለ«ብራውዝ» ያንን አሳዩት። ቢቱ አንድ እስከሆነ ድረስ የድሮው ድራይቨር እዚያው ይገኛል። ቦታ ይዟል ብላችሁ አስቀድማችሁ እንዳትሰርዙት።

ድራይቨሩ ገብቶ፣ ቢጫውም ጠፍቶ ዋይፋዩ «ኦፍ» ብሎ የሚቀርበት ጊዜ አለ። የድሮ ዴልና ቶሺባ ላይ በጎን ያለችውን ትንሽ ማንሸራተቻ እዩ፤ ቦርሳ ውስጥ ተገፍታ ትዘጋለች። ኤችፒ ላይ የዋይፋይ ቁልፉ መብራት ብርቱካናማ ሆኖ ካልተለወጠ የኤችፒን የዋየርለስ በተን ድራይቨር ጫኑ። ካርድ ቀይራችሁ ሲነሳ «104» የሚል ስህተት ካመጣ ግን የድራይቨር ጉዳይ አይደለም፤ ባዮሱ (ላፕቶፑ ሲነሳ ከዊንዶው በፊት የሚሠራው ፕሮግራም) ያልተፈቀደ ካርድ አልቀበልም ብሏል።

የቀሩት ቢጫዎች፦ «ኤስኤም ባስ ኮንትሮለር» የቺፕሴት (የማዘርቦርዱ ቺፖች) ድራይቨር ይፈልጋል። «ፒሲአይ ሲምፕል ኮሙኒኬሽንስ» ኢንቴል ላይ በአብዛኛው የማኔጅመንት ኢንጂን (ቦርዱ ላይ ያለ የኢንቴል መቆጣጠሪያ) ነው። ዊንዶው 7 ላይ ኮድ 52 ከመጣ በአብዛኛው ኬቢ4474419 የተባለው አፕዴት ጎድሏል፤ አዲስ ፊርማ ያላቸውን ድራይቨሮች ያለሱ አይቀበልም። ስክሪኑ ተለጥጦ «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» የሚል ከሆነ የግራፊክስ ድራይቨር ይቀራል። ጂኤምኤ 3600 የተባለ የኢንቴል ግራፊክስ ያላቸው ትንንሾቹ አተም ላፕቶፖች ግን ለዊንዶው 10 የተሠራ ግራፊክስ ድራይቨር የላቸውም፤ ከባለ 32 ቢት ዊንዶው 7 አትለፉ።

«ድራይቨርዎ አርጅቷል» እያለ አረንጓዴ ቁልፍ የሚያሳይ ፕሮግራም አትንኩ። ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረውን የድራይቨር ፍላሽም እንዲሁ፤ ሾርትከት ቫይረስ የሚገባው በእሱ ነው። ድራይቨር ፍለጋ ብላችሁ ባዮስ አፕዴት አታድርጉ። መብራት በመሀል ቢሄድና የላፕቶፑ ባትሪ የደከመ ቢሆን ቦርዱ አይነሳም፣ አሮጌ ባትሪ ደግሞ እምነት አይጣልበትም።

ገና ፎርማት ያልተደረገ ላፕቶፕ እጃችሁ ላይ ካለ፣ ሲ ድራይቭ ላይ ከዊንዶውስ ጀምሮ ያለውን ያንኑ ፋይልሪፖዚቶሪ ፎልደር ወደ ፍላሽ ገልብጡ። ጥቂት ጊጋባይት ነው። ላፕቶፑ ጭራሽ አልነሳ ካለም ሃርድ ዲስኩን አውጥታችሁ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ትገለብጡታላችሁ። ዊንዶው ተጭኖ ሲያልቅ ለ«ብራውዝ» ፍላሹን ማሳየት ብቻ ነው የሚቀረው።