ከደሴና ከኮምቦልቻ ለሚነሳ ቤተሰብ፦ የደሴት ቪላ መቼና የት መከራየት እንደሚሻል እንዴት ይመረጣል?

በሕንድ ውቅያኖስ ደሴቶች ላይ ለእረፍት ቪላ መከራየት የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ ፍለጋውን የሚጀምረው ከቤቱ ፎቶግራፍ ነው፤ በረንዳውና የመዋኛ ገንዳው ደስ ካሰኙት ቀብድ ይከፍልና ቀኑን በኋላ ያመቻቻል። ቅደም ተከተሉ ግን ተገላብጦ መሄድ ይኖርበታል፤ በቅድሚያ ወሩ፣ ቀጥሎ ደሴቱ፣ ከዚያም የባሕሩ ዳርቻ፣ በመጨረሻ ቤቱ ይመረጣል። ቪላ አብዛኛውን ጊዜ ለበርካታ ቀናት የሚያዝና ክፍያው ቀድሞ የሚፈጸም በመሆኑ፣ በማይሆን ወር የተከራዩትን ቤት ምንም ያህል ቢያምር ሊጠቀሙበት አይችሉም።

ወሩን ለመምረጥ ለኛ አካባቢ ሰው አንድ ትልቅ ዕድል አለ። ደሴ በሐምሌና በነሐሴ በዝናብና በጭጋግ ተሸፍና ስትከርም፣ የታንዛኒያዋ ደሴት ዛንዚባር ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ወቅቷ ላይ ትሆናለች፤ ይህ ወቅት ከሰኔ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ገደማ ስለሚዘልቅ ከልጆች የትምህርት ቤት እረፍት ጋር ይገጥማል። በአንጻሩ ማሲካ የሚባለው የዛንዚባር ከባድ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይወርዳል፤ ቩሊ የሚባለው አጭር ዝናብ ደግሞ በኅዳር አካባቢ ይመጣል። የፋሲካ በዓል ምንጊዜም በማሲካ ውስጥ ስለሚውል፣ በዚያን ጊዜ የሚቀርበው ርካሽ ኪራይ ማንንም ሊያማልል አይገባም። ገና የሚውልበት ወቅት ደረቅና ሞቃት ቢሆንም፣ አውሮፓውያን ለገናቸውና ለአዲስ ዓመታቸው ስለሚጎርፉ ዋጋው ይንራል፤ ስለዚህ በጥር ለመሄድ ያሰበ ሰው ከጥምቀት በኋላ ያለውን ጊዜ ቢይዝ ይሻለዋል። ሐምሌና ነሐሴም የአውሮፓውያን የእረፍት ወራት በመሆናቸው ቤቱን ከወራት በፊት መያዝ፣ ወይም ትምህርት ቤት እንደተዘጋ በሰኔ መጨረሻ መሄድ ያዋጣል። ረመዳን በየዓመቱ በ11 ቀን ገደማ እየቀደመ ስለሚመጣ፣ ቀኑን ከመቁረጥ በፊት የት ላይ እንደሚውል መመልከት ያስፈልጋል፤ አብዛኛው የዛንዚባር ሕዝብ ሙስሊም እንደመሆኑ፣ በጾሙ ወር ከሆቴሎች ውጭ ያሉ ብዙ ምግብ ቤቶች ቀን ቀን ይዘጋሉ።

ወሩ ከታወቀ ደሴቱ አያስቸግርም። ለክረምቱ እረፍት በእኔ እምነት ዛንዚባር ትቀድማለች። ለፋሲካ ካልሆነ አይሆንም ለሚል ቤተሰብ ግን ሲሼልስ ትሻላለች፤ በዚያ ሚያዝያና ጥቅምት ነፋሱ አቅጣጫውን የሚቀይርባቸው፣ ባሕሩም የሚረጋባቸው ወራት ሲሆኑ፣ ዝናቡ የሚበረታው በታኅሣሥና በጥር ነው። ሞሪሸስ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ የሳይክሎን (የኃይለኛ አውሎ ነፋስ) ስጋት ስላለባት ለክረምታችን ትመቻለች፤ ነገር ግን ያን ጊዜ የእነሱ የብርድ ወቅት ስለሆነ ባሕሩ ይቀዘቅዛል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው የዳርቻው ምርጫ ነው። ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜም ይሸሻል። ሐይቅን እያየ ላደገ ሰው ይህ እንግዳ ነገር ነው፤ የሐይቅ ውኃ ጠዋት ካዩት ቦታ ማታም ይገኛል። ዛንዚባር ላይ ግን በመሙላቱና በመሸሹ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ጨረቃ ስትሞላና አዲስ ስትወለድ እስከ 4 ሜትር ገደማ ይደርሳል። የምሥራቁ ዳርቻ፣ ማለትም ፓጄ፣ ብዌጁና ጃምቢያኒ፣ ረባዳና ጥልቀት የሌለው ስለሆነ ውኃው ርቆ ሲሄድ ለሰዓታት መዋኘት አይቻልም፤ በዚያን ጊዜ ሴቶች ወርደው የባሕር አረም እርሻቸውን ይሠራሉ። በሰሜን ጫፍ የሚገኙት ኑንግዊና ኬንድዋ ውኃቸው ቶሎ ስለሚጠልቅ ቀኑን ሙሉ ማለት ይቻላል ይዋኝባቸዋል። ነፋሱም ይታሰብ፤ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚነፍሰው ኩሲ ከደቡብ ምሥራቅ ስለሚመጣ ፓጄን ይመታል፣ ኬንድዋን ግን ደሴቱ ራሱ ይከልለዋል። ስለዚህ ትናንሽ ልጆች ያሉት ቤተሰብ ለክረምት ሰሜኑን ቢመርጥ እመክራለሁ፤ ጸጥታና ረጅም የእግር ጉዞ የሚወድ ሰው ግን በምሥራቁ ይደሰታል፣ ኪራዩም ብዙ ጊዜ ይቀንስለታል። በሲሼልስም ሕጉ ያው ነው፤ ከግንቦት እስከ መስከረም ከደቡብ ምሥራቅ ሲነፍስ በማሄ ደሴት ሰሜን ምዕራብ ያለው ቦ ቫሎን የተረጋጋ ይሆናል።

ቤቱን ሲመርጡ ባለቤቱን በቪዲዮ አነጋግረው ከበሩ እስከ ውኃው ያለውን መንገድ እንዲያሳይ ይጠይቁ። ጀኔሬተርና የውኃ ማጠራቀሚያ መኖሩን፣ አጎበር መሰቀሉን፣ የምግብ አብሳይዋ ደመወዝ በኪራዩ ውስጥ መካተቱን፣ ገንዳው አጥር እንዳለው በጽሑፍ ያረጋግጡ። የደሴ ሰው የኮምቦልቻን ሙቀት ያውቃል፤ የደሴቱ ሙቀት ግን እርጥበት ያዘለ ስለሆነ በጥርና በየካቲት ያለ ኤር ኮንዲሽነር እንቅልፍ አይገኝም፤ በሐምሌ ግን ማራገቢያ ሊበቃ ይችላል።

ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ወረቀቶቹን ይጨርሱ። ሲሼልስ ቪዛ ባትጠይቅም፣ የተያዘ ማረፊያን የሚጠይቅ የጉዞ ፈቃድ አስቀድሞ ማውጣት ግዴታ ነው፤ ስለዚህ ሊሰረዝ የሚችል ኪራይ ይፈልጉ። ከኢትዮጵያ የሚነሳ መንገደኛ ለሲሼልስም ለዛንዚባርም የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያስፈልገዋል፤ ክትባቱ የሚጸናው ከ10 ቀን በኋላ ነው። ዛንዚባር ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ አገር ጎብኚዎችን 44 ዶላር የጉዞ ዋስትና ታስከፍላለች። በክረምት ደመናና ጭጋግ የኮምቦልቻን በረራ ሊያዘገይ ስለሚችል፣ በአዲስ አበባ አንድ ሌሊት ማደርን በዕቅዱ ውስጥ ያስገቡ። የኪራይ ውሉ የሚጻፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ የመግቢያው ሰዓት 14 ወይም 15 ተብሎ ከተጻፈ በእኛ ከቀኑ 8 ወይም 9 ሰዓት መሆኑን አስልተው በረራዎን ከዚያ ጋር ያስማሙ።