የጓሮ የእሳት ራቶችን ዓመቱን ሙሉ መመዝገብ

ደብረ ብርሃንም ሆነ አንኮበር፣ ነፋስ በማይበዛበት የጓሮ ጥግ ነጭ አንሶላ ወጥሩና ከፊቱ አምፖል ስቀሉ። ተራው ኤልኢዲ አልትራቫዮሌት ጨረሩ እጅግ ትንሽ ስለሆነ ብዙ አይስብም፤ አልትራቫዮሌት አምፖል ይሻላል፤ ዓይናችሁን ግን አተኩራችሁ አትዩበት።

ከመስከረም እስከ ጳጉሜን በሳምንት አንድ ምሽት፣ ከ1 እስከ 4 ሰዓት፣ በዚያው ቦታ ቁጠሩ። አምፖል መሃል ላይ ከቀየራችሁ የሐምሌው ቁጥር ከጥቅምቱ ጋር አይነጻጸርም። ደመናውን፣ ነፋሱንና ጨረቃዋንም ጻፉ፤ በሙሉ ጨረቃ የሚመጣው ይቀንሳል። በኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ምንም ካልመጣ «0» በሉ፤ ባዶ መስመር አለመምጣታቸውን ከአለመውጣታችሁ አይለይም። ስሙን ካላወቃችሁ ከማስመሪያ ጋር ፎቶ አንሱ እንጂ አትገምቱ። (ተምችም ሲያድግ የእሳት ራት ነው፤ ገበሬ ጎረቤት ካላችሁ መዝገቡን ይፈልገዋል።)

በክረምት አምፖሉን ከዝናብ ከልሉ፤ የጋለ መስታወት ጠብታ ሲነካው ይሰነጠቃል። ስትጨርሱ መብራቱን አጥፍታችሁ አንሶላውን ቁጥቋጦ ላይ በቀስታ አራግፉ፤ እዚያው ካደሩ ጠዋት ወፎች ይለቅሟቸዋል።