አባቶችን ወደ ልጅ እንክብካቤ ስንጠራ ሊቀሩ የሚገባቸው ስህተቶች

ከሁሉም የሚያንገበግበው የጤና ባለሙያ ለክትትል የመጣችን እናት «ባልሽን ይዘሽ ነይ» የሚላት ነው። መልእክቱን የምትሸከመው እናትየው፣ እምቢ ሲላትም የምትሸማቀቀው እሷው ናት። ይባስ ብሎ ከባሏ ጋር የመጣችውን የሚያስቀድሙ አሉ። ባሏ የሞተባት፣ ወይም ለቀን ሥራ ሸዋ ሮቢት የወረደባት ሴት ወረፋ ላይ ተቀምጣ ስታይ ምን ይሰማታል? ክትትሏን ታቋርጣለች! አባትየውን ራሳችሁ ጥሩት። እናትየው ከፈቀደች ስልኩን ካርዱ ላይ ጻፉና ደውሉ፤ ስልክ ከሌለው ቤት ለቤት ስትዞሩ አናግሩት። «ጋሼ፣ ማክሰኞ የልጅዎ ክትባት ነው፤ አቅፈው የሚይዙልን እርስዎ ነዎት» በሉት። ቀኑና ሥራው የታወቀ ጥሪ ሰው ያመጣል። ባይመጣም እናትየው ሙሉ አገልግሎቷን ታግኝ።

ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ላይ ያለን ገበሬ በሥራ ቀን ጠርቶ «ግዴለሽ ነው» ማለት ግፍ ነው። መንዝና አንኮበር ሞፈር የማይነሳባቸው ቀኖች አሉ፤ በ12፣ በ21፣ በ27 ከቅዳሴ በኋላ ግማሽ ሰዓት ይበቃችኋል። ኤፍራታና ግድም ቆላው ላይ ደግሞ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ይሁን።

ሁለቱን ከማገናኘታችሁ በፊት እናትየውን ለብቻዋ አነጋግሩ። ድብደባ ሊኖር ይችላል፤ የኤችአይቪ ውጤቷንም ገና አልነገረችው ይሆናል።

ምክር አታብዙ፤ አሳዩትና እሱ ይሥራው። ልጁን ሲያስቀምጠው አንድ ከረጢት ኦአርኤስ (ለተቅማጥ የሚሰጠው የጨውና የስኳር ዱቄት) በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ራሱ ይበጥብጥ፤ 24 ሰዓት ያለፈውን ይድፋ። ከረጢቱን በግምት ከፍሎ በብርጭቆ መበጥበጥ ጨዉን ሊያበዛው ይችላል። ልጁ ሲያስለው ደግሞ ደረቱን ገልጦ፣ የስልኩን ሰዓት እያየ፣ አንድ ደቂቃ ሙሉ ትንፋሹን ይቁጠር። ከ2 እስከ 12 ወር ላለ ሕፃን 50፣ ከዚያ በላይ እስከ 5 ዓመት 40 ወይም የበለጠ ከሆነ፣ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ። ሲያለቅስ ወይም ሲጠባ የተቆጠረ አይታመንም።

አባትን በር ላይ አታቁሙት፤ ወንበር ስጡት።

የልጅ ምግብንም የሴት ጉዳይ ብቻ አድርጋችሁ አትተዉት። ከ6 ወር በኋላ ዕንቁላልና ወተት ያስፈልጋል፤ በጾም ግን የቤቱ ዕቃ በፍስክ እንዳይነካ ተብሎ ይቀርበታል። ሕፃን አይጾምም። ለልጁ ብቻ የምትሆን ትንሽ ድስትና ማንኪያ ከገበያ እንዲገዛ ለአባትየው ንገሩት፤ ካመነታ የንስሐ አባቱን ያማክር።

ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ተቀጥሮ የሚሠራ ከሆነ፣ ሚስቱ ስትወልድ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሙሉ ደመወዝ ጋር 3 ተከታታይ ቀን ፈቃድ እንደሚሰጠው አስታውሱት፤ የወሊድ ማስረጃውንም በዚያው ቀን ጻፉለት።